ቢሊ ሜሬዲት፤ ከሳሹም መርማሪውም ዳኛውም አንድ በነበረበት ዘመን

ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር የማንችስተር ሲቲን ወይም የማንችስተር ዩናይትድን ጨዋታ ለማየት ቴሌቪዥን ፊት የምትሰየሙ ብዙ እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ዱባይም ይሁን ፍራንክፈርት፣ ኢትዮጵያዊ በተሰበሰበበት ሁሉ የእነዚህ የሁለት ቡድኖች ደጋፊ አይጠፋም። ሲቲ የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫ ሲያነሳም፣ ዩናይትድ የመጀመሪያውን የሊግ ሻምፒዮንነት ሲያገኝም ሜዳ ላይ የነበረ አንድ ተጨዋች እንዳለ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ሰው ዊልያም ሄንሪ ሜሬዲት ይባላል። ሕዝቡ የሚያውቀው ቢሊ ሜሬዲት በሚለው ስሙ ነበር።

የዛሬው ጽሑፌ ዋንጫ ለመቁጠር የታሰበ አይደለም። ሜሬዲት በተጨዋችነት ዘመኑ የእንግሊዝ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ባካሄዳቸው ሦስት ታላላቅ ምርመራዎች መካከል አልፏል። በመጀመሪያው ተከሳሽ ሆኖ ተቀጣ። በሁለተኛው ምሥጢር አውጪም ተቀጪም ሆነ። በሦስተኛው ጓደኞቹ ሲቀጡ እሱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ ደግሞ ተጨዋቾች መብታቸውን የሚያስከብሩበት ማኅበር እንዲቋቋም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆኖ ታገለ። ስለዚህ አንድ ሊግ እንዴት እንደሚመረምር፣ እንዴት እንደሚፈርድ፣ ቅጣቱስ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የዚህን አንድ ሰው ሕይወት ቢከተል ይበቃዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ከከሰል ጉድጓድ ወደ ኳስ ሜዳ

ሜሬዲት የተወለደው ጁላይ 30 ቀን 1874 በሰሜን ዌልስ፣ ከእንግሊዝ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ቸርክ በተባለች የማዕድን አካባቢ ነው። ቤተሰቡ ሃይማኖተኛና ድሃ ነበር። እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ገና በ12 ዓመቱ ብላክ ፓርክ በተባለው የከሰል ማዕድን ውስጥ ሥራ ጀመረ። ከምድር በታች ከሰል የተጫነባቸውን ጋሪዎች ከሚጎትቱ ፈረሶች ጋር እየዋለ አደገ። መጠጥ አይቀምስም ነበር። በጨዋታ ላይ ሳለ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በአፉ ይዞ የመሮጥ ልማድ ስለነበረው ጋዜጦች ሥዕሉን ሲሥሉት ያችን ስንጥር ሳይጨምሩ አያልፉም ነበር።

የቸርክ ልጆች ኳስ የሚያሠለጥናቸው የትምህርት ቤት መምህር ነበራቸው፤ ከዚያች ትንሽ ሥፍራ ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፉት ተጨዋቾች ቁጥር ቀላል አይደለም። ሜሬዲት በ1894 ከቸርክ ቡድን ጋር የዌልስን ዋንጫ አገኘ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ለማንችስተር ሲቲ ፈረመ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ኦክቶበር 27 ቀን 1894 ኒውካስል ሜዳ ላይ አደረገ፤ ቡድኑ 5 ለ 4 ተሸነፈ። በሳምንቱ በሜዳቸው ከኒውተን ሂዝ ጋር ተገናኙ። ኒውተን ሂዝ ማለት በ1902 ስሙን ለውጦ ማንችስተር ዩናይትድ የተባለው ክለብ ነው። ሲቲ 5 ለ 2 ቢሸነፍም ሁለቱን ግቦች ያገባው ሜሬዲት ነበር።

የሚገርመው በእነዚያ ወራት ወጣቱ ገና ከማዕድን ሥራው አልወጣም። ሳምንቱን ጉድጓድ ውስጥ ሠርቶ ለጨዋታ ቀን በባቡር ወደ ማንችስተር ይመጣ ነበር። ሙሉ ለሙሉ በደሞዝ የሚጫወት ባለሙያ የሆነው በ1895 መጀመሪያ ነው። ቀኝ ክንፍ ላይ መስመሩን ይዞ ወርዶ የሚያሻማት ኳስ ለአጥቂዎቹ የተዘጋጀ ማዕድ እንደማለት ነበረች። ሲቲ በ1899 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደገ፤ በ1902 ወረደ፤ በ1903 ተመለሰ። ኤፕሪል 23 ቀን 1904 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት የጥሎ ማለፍ ፍጻሜ ሲቲ ቦልተን ወንደረርስን 1 ለ 0 ረታ። ግቧን ያስቆጠረውና ዋንጫውን በአምበልነት የተቀበለው ሜሬዲት ነበር። የሲቲ የመጀመሪያው ታላቅ ዋንጫ ይኸው ነው።

አራት ፓውንድ

በኋላ የደረሰውን ለመረዳት በዚያን ጊዜ የነበረውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ፌዴሬሽኑ ከ1901 ጀምሮ የአንድ ተጨዋች ደሞዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ደነገገ። ለአሸናፊነት የሚሰጥ ጉርሻም ተከለከለ። ለአንድ የከሰል ሠራተኛ ልጅ 4 ፓውንድ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከፍሎ የሚያየው ሰው፣ ዕድሜው ለዚህ ሥራ የሚፈቅድለት ከአሥር ዓመት ያልበለጠ፣ እግሩ ከተሰበረም ጡረታ የሌለው ሰው ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ሰንሰለት ነበረበት። ተጨዋቹ አንድ ጊዜ ለአንድ ክለብ ከተመዘገበ ውሉ ቢያልቅ እንኳን ክለቡ ካልለቀቀው በቀር ለሌላ የሊጉ ክለብ መጫወት አይችልም። ክለቡ ደሞዝ ሳይከፍለው ምዝገባውን ይዞ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። እንግዲህ ሠራተኛው ዋጋውንም ቤቱንም መምረጥ የማይችልበት ሥርዓት ነበር ማለት ነው።

ሕጉ እንዲህ ይሁን እንጂ ክለቦቹ ጥሩ ተጨዋች ለመያዝ በጓሮ በር ይከፍሉ ነበር። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ፌዴሬሽኑም ቢሆን አልፎ አልፎ አንዱን ክለብ ይዞ ከመቅጣት በስተቀር ሁሉንም ለመመርመር አልደፈረም። ሕግ በሁሉም እየተጣሰ አንዱ ብቻ የሚያዝበት ከሆነ፣ የተያዘው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለምን እኔ ብቻ የሚል።

የቪላ ፓርኩ ቀን

ኤፕሪል 29 ቀን 1905 የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ነበር። ሲቲ የሻምፒዮንነት ተስፋውን ይዞ በርሚንግሃም ወደሚገኘው የአስቶን ቪላ ሜዳ ሄደ። ጨዋታው ኳስ ሳይሆን ድብድብ ሆነ። የሲቲው ሳንዲ ተርንቡልና የቪላው አሌክ ሊክ ተጋጩ፤ ቡጢም ተሰነዘረ። ሲቲ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ዋንጫው ለኒውካስል ሆነ፤ ሲቲ በሁለት ነጥብ አንሶ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ፌዴሬሽኑ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ምርመራው የተጀመረው ስለ ድብድቡ ነበር። ነገር ግን በመካከሉ አሌክ ሊክ ያልተጠበቀ ቃል ሰጠ፤ ቪላ ጨዋታውን እንዲለቅ ሜሬዲት 10 ፓውንድ ሊሰጠኝ ጠይቆኛል አለ። ሜሬዲት ካደ። በኦገስት 1905 መጀመሪያ ላይ ውሳኔው ወጣ። ሜሬዲት የ1905-06 የውድድር ዘመን በሙሉ እንዳይጫወት ታገደ።

በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የሠራ ሰው እንዲህ ያለው ዜና በምን መልክ እንደሚመጣ ያውቀዋል። የዲሲፕሊን ውሳኔ ሲደርስ ሦስት መስመር ነው፤ ስም፣ የተጣሰው ደንብ፣ ቅጣቱ። ማን መሰከረ፣ ተከሳሹ ምን መለሰ፣ የቀረበበት ማስረጃ ምን ነበር የሚለው አይኖርበትም። አንባቢውም የሚይዘው ያንኑ ሦስት መስመር ነው። በሜሬዲት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ችሎቱ ዝግ ነበር። ደንቡን ያወጣው፣ መርማሪውን የሾመው፣ ቅጣቱን የወሰነው ያው ፌዴሬሽኑ ራሱ ነበር። ከፌዴሬሽኑ ውጪ ሆኖ ጉዳዩን እንደገና የሚያይ ነጻ አካል አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሳት የለበትም። ሜሬዲት ጻድቅ ነበር ለማለት አይደለም። የኋላ ኋላ ገንዘቡን ማቅረቡን ራሱ አምኗል። ጥያቄው ሌላ ነው። አንድ ተጨዋች ብቻውን ተነስቶ፣ ከራሱ ኪስ 10 ፓውንድ አውጥቶ፣ ለመላው ቡድን ዋንጫ ለመግዛት ይሞክራል ወይ? ይህን ጥያቄ ኮሚሽኑ እስከ መጨረሻው አልገፋበትም። የተገኘውን አንድ ሰው ቀጥቶ መዝገቡን ዘጋ። አበው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ሁለተኛው ምርመራ

ሜሬዲት ከታገደ በኋላ ክለቡ ጀርባውን አዞረበት። መጫወት አይችልም፤ ደሞዝ የለውም፤ ምዝገባው በክለቡ እጅ ስለሆነ የትም መሄድ አይችልም። ለዓመታት ያገለገለውን ክለብ ገንዘብ እንዲሰጠው ደጋግሞ ጠየቀ። የታገደ ተጨዋች መክፈል በፌዴሬሽኑ ዘንድ ስለሚያስቀጣ ክለቡ ፈራ። ፈርቶም ዝም አላለም፤ ሜሬዲት ገንዘብ እየጠየቀ አስቸግሮናል ሲል ለፌዴሬሽኑ አመለከተ። ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ ነው።

በዚህ ጊዜ ሰውየው የያዘውን ምሥጢር ሁሉ አወጣ። ለሊክ ገንዘብ ያቀረበው በአሠልጣኙ በቶም ማሊ ትእዛዝ እንደሆነ፣ ሌሎቹም ተጨዋቾች ነገሩን ያውቁ እንደነበር ተናገረ። ሲቲ ለተጨዋቾቹ ከ4 ፓውንድ በላይ ይከፍል እንደነበር፣ እሱም ራሱ 6 ፓውንድ ይወስድ እንደነበር ገለጠ። ማሊ የጉቦውን ነገር ካደ። ስለ ክፍያው ግን የተለየ መልስ ነበረው፤ የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለቦች ሁሉ ቢመረመሩ ንጹሕ ሆነው የሚወጡት አራት እንኳን አይሞሉም አለ። ይህን መልስ ፌዴሬሽኑ ሰማው እንጂ ሌሎቹን ክለቦች ለመመርመር አልተነሳም።

ፌዴሬሽኑ የሲቲን የሒሳብ መዝገብ አስመርምሮ ሜይ 31 ቀን 1906 ውሳኔውን አሳወቀ። አሠልጣኙ ማሊና የቀድሞው ሊቀ መንበር ከእንግሊዝ እግር ኳስ ተባረሩ። ክለቡ 250 ፓውንድ ተቀጣ። 17 ተጨዋቾች በድምሩ 900 ፓውንድ ተቀጡ፤ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1907 ታገዱ፤ ከዚያም በኋላ ለሲቲ ዳግመኛ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። የሜሬዲት ድርሻ 100 ፓውንድ ነበር።

እስቲ ቁጥሮቹን አስተያዩአቸው። ገንዘቡን የሰጠው ክለብ 250፤ የተቀበሉት ሠራተኞች 900። በሕጋዊው ደሞዝ ሲሰላ 100 ፓውንድ ማለት የ25 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ነው። የሚከፈለው ደግሞ ሥራ ለመሥራት በታገደ ሰው ነው። ምሥጢሩን ያወጣው ሜሬዲት እውነቱን በመናገሩ ቅጣቱ አልቀነሰለትም። እንዲህ ያለው ፍርድ ለሌሎቹ ያስተማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዝም ብሎ መቀበልና ዝም ብሎ መኖር ይሻላል የሚል ነው።

የቅጣቱ ጦስ ያልበደሉትንም አገኛቸው። ሲቲ ቡድኑ በሙሉ ስለፈረሰ ከየቦታው የተለቃቀሙ ተጨዋቾች ይዞ አዲሱን ዘመን ጀመረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1906 ከዉልዊች አርሰናል ጋር ሲጫወት ሙቀቱ እጅግ ከባድ ስለነበር የሲቲ ተጨዋቾች አንድ በአንድ እየተዝለፈለፉ ወጡ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ላይ የቀሩት ስድስት ብቻ ነበሩ። 4 ለ 1 ተሸነፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ኤቨርተን 9 ለ 1 ቀጣቸው። እነዚህ ልጆች ከ4 ፓውንድ በላይም አልተቀበሉም፤ ለማንም ጉቦ አላቀረቡም።

የታገዱት ተጨዋቾች ደግሞ ማንችስተር በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ ለሌሎች ክለቦች እንዲሸጡ ቀረቡ። ዩናይትድ ግን ከሁሉ ቀድሞ ሜሬዲትን ይዞ ነበር። ተርንቡልን፣ በርጀስንና ባኒስተርንም ጨመረ። እገዳቸው ባበቃበት ዕለት፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1907፣ ሜሬዲት ለዩናይትድ ተሰለፈ። ተጋጣሚያቸው ማን እንደነበር ብትጠይቁኝ ያው አስቶን ቪላ ነው። ሜሬዲት አሻማ፤ ተርንቡል አገባ፤ ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ዩናይትድ በ1908 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1909 የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1911 ዳግመኛ ሻምፒዮን ሆነ። የከተማው አንዱ ክለብ የተቀጣው ቅጣት ለሌላው ክለብ ሀብት ሆነለት ማለት ነው።

ድር ቢያብር

ሜሬዲት ከሁለቱ ምርመራዎች ያገኘው ትምህርት አንድ ነበር፤ ተጨዋች ብቻውን ችሎት ፊት ሲቆም ምንም አቅም የለውም። በኤፕሪል 1907 ደግሞ የዩናይትዱ ቶማስ ብላክስቶክ በተጠባባቂ ቡድን ጨዋታ ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ። ቤተሰቡ ካሣ አላገኘም። ይህ ሞት የብዙዎቹን ልብ ነካ። ዲሴምበር 2 ቀን 1907 ማንችስተር ኢምፔሪያል ሆቴል ውስጥ ተጨዋቾች ተሰብስበው ማኅበራቸውን መሠረቱ። ስብሰባውን የመራው ሜሬዲት ነበር፤ ከጎኑ የዩናይትዱ አምበል ቻርሊ ሮበርትስ ቆመ።

ማኅበሩ የጠየቀው ብዙ አልነበረም። የደሞዙ ጣሪያ እንዲነሳ፣ ዝውውሩ ነጻ እንዲሆን፣ በሥራ ላይ ለተጎዳ ተጨዋች እንደማንኛውም ሠራተኛ በ1906 በወጣው የሠራተኞች ካሣ ሕግ መሠረት እንዲከፈለው፣ ክርክር ሲነሳም ተጨዋቹ ወደ አገሪቱ ፍርድ ቤት መሄድ እንዲችል ነበር። ፌዴሬሽኑን ከሁሉ ያስቆጣው ይህ የመጨረሻው ነው። የእግር ኳስ ጉዳይ በእግር ኳስ ቤት ይታያል ባይ ነበር።

በ1909 ፌዴሬሽኑ ለማኅበሩ የሰጠውን እውቅና አነሳ። ተጨዋቾች ሁሉ እስከ ጁላይ 1 ከማኅበሩ እንዲወጡ፣ አለበለዚያ ምዝገባቸው እንዲሰረዝ አዘዘ። አብዛኛው ተጨዋች ልጆቹን አይቶ ፈረመ። የማንችስተር ዩናይትድ ተጨዋቾች ግን አንፈርምም አሉ። የ1908ቱ ሻምፒዮኖችና የዋንጫው ባለቤቶች ከክለባቸው ታግደው፣ ደሞዝ ሳያገኙ፣ ለብቻቸው ልምምድ ጀመሩ። ራሳቸውንም የተባረሩት ብለው ሰየሙ፤ ያንን ስም በሰሌዳ ጽፈው የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። የኤቨርተኑ ቲም ኮልማን ከሌላ ክለብ ሆኖ ደግፏቸው ቆመ። ቀስ በቀስም ሌሎች ወደ እነሱ አዘነበሉ። የውድድሩ ዘመን ሊጀመር በተቃረበበት በኦገስት መጨረሻ ፌዴሬሽኑ ለድርድር ተቀመጠ። ማኅበሩ እውቅናውን መልሶ አገኘ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። የደሞዙ ጣሪያ አልተነሳም፤ የዝውውሩ ሰንሰለት አልተበጠሰም። በ1912 ማኅበሩ የዝውውሩን ሥርዓት በመቃወም ኪንጋቢ የተባለውን ተጨዋች ደግፎ በአስቶን ቪላ ላይ ያቀረበውን ክስ ተሸንፎ በወጪ ብዛት ሊፈርስ ደረሰ። ሜሬዲትም በግሉ አልቀናውም። ማንችስተር ውስጥ የከፈተው የስፖርት ዕቃ ሱቅ ተቃጥሎበት ከስሮ ነበር።

ስቅለት ዓርብ 1915

ሦስተኛው ምርመራ የመጣው በጦርነት መካከል ነው። ኤፕሪል 2 ቀን 1915 ስቅለት ዓርብ ዩናይትድና ሊቨርፑል ኦልድ ትራፎርድ ላይ ተገናኙ። ዩናይትድ ላለመውረድ ይታገል ነበር። ጨዋታው 2 ለ 0 በዩናይትድ አሸናፊነት አለቀ። ተመልካቹ ግን ጨዋታው ደስ አላለውም። ዩናይትዶች ያገኙትን ፍጹም ቅጣት ምት ከግቡ በጣም አርቀው መቱት። የሊቨርፑሉ ፍሬድ ፓግናም የመታው ኳስ የግቡን አግዳሚ ሲመታ የገዛ ጓደኞቹ ተቆጡት። ወዲያው ደግሞ ብዙ ሰው 2 ለ 0 ብሎ መወራረዱ ታወቀ።

ፌዴሬሽኑ መርምሮ በዲሴምበር 1915 ስምንት ተጨዋቾችን ዕድሜ ልክ አገደ። ከዩናይትድ ተርንቡል፣ ዋሊና ኢኖክ ዌስት፤ ከሊቨርፑል ሼልደን፣ ሚለር፣ ፐርሰልና ፌርፎል፤ ከቼስተር ደግሞ ኩክ። ከዩናይትዶቹ ሦስቱ መካከል በዕለቱ ሜዳ ላይ የነበረው ዌስት ብቻ ነው። ሜሬዲትም በጨዋታው ተሰልፎ ነበር፤ ግን ስሙ ከተቀጡት መካከል የለም። ኳስ ለምን እንደማይሰጠው ግራ ገብቶት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በጉቦ የተቀጣው ሰው፣ ጓደኞቹ በምሥጢር ሲዶልቱ ያልጠሩት እሱን ነበር።

እዚህም ፍርዱን መመልከት ነው። ክለቦቹ አልተቀጡም፤ ነገሩ የተጨዋቾቹ የግል ሥራ ነው ተባለ። ውጤቱም አልተሰረዘም። ዩናይትድ በ30 ነጥብ ሲተርፍ ቼልሲ በ29 ነጥብ መውረጃው ውስጥ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ በ1919 አንደኛ ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ክለቦች ሲሰፋ ቼልሲ በዚያው ቀረ፤ ከታች በሻምፒዮንነት ያልመጣው አርሰናል በድምፅ ተመርጦ ገባ፤ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ የነበረው ቶተንሃም ግን ወረደ። ለሠራተኛው የሚሠራው ደንብ እንደ ብረት ሲጠነክር ለክለቦቹ የሚሠራው እንደ ጎማ ይሳብ ነበር።

የቅጣቱ መጨረሻም እንዲሁ ነበር። በጦርነቱ ላገለገሉት በ1919 ምሕረት ተደረገ። ተርንቡል ግን ሜይ 1917 ፈረንሳይ ውስጥ በአራስ ውጊያ ተገድሎ ነበርና ምሕረቱ የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። ንጹሕ ነኝ እያለ ፌዴሬሽኑን ፍርድ ቤት ከሶ የተሸነፈው ኢኖክ ዌስት እገዳው የተነሳለት በ1945 ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 59 ደርሶ ነበር። ሌሎቹ በአራት ዓመት ሲማሩ፣ ተከራክሮ የተረታው ሠላሳ ዓመት ቆየ። አንድ የቅጣት ሥርዓት ክርክርን እንደ ሌላ ጥፋት መቁጠር ከጀመረ ተከሳሽ ሁሉ ማመንን ይመርጣል፤ ያኔ እውነቱን ማወቅ ለማንም አይቻልም።

የመጨረሻው ዘመን

ሜሬዲት ከጦርነቱም በኋላ አልቆመም። ለዌልስ 48 ጊዜ ተሰልፎ 11 ግብ አግብቷል። ክለቡ አልለቅህም እያለ ያስቀረበት ጊዜ ባይኖር ቁጥሩ ከዚህም በበለጠ ነበር። በማርች 1920 ለንደን ላይ ዌልስ እንግሊዝን 2 ለ 1 ስታሸንፍ በ45 ዓመቱ ሜዳ ላይ ነበር፤ የብሔራዊ ቡድን የመጨረሻ ጨዋታውም እሱ ሆነ። ለዩናይትድ 335 ጨዋታ አድርጎ፣ በነጻ እንዲለቁት ሲከራከር ቆይቶ፣ በ1921 ወደ ሲቲ ተመለሰ። ዳግመኛ እንዳይጫወትበት የተከለከለበት ክለብ ማለት ነው። በማርች 1924 ሲቲ በጥሎ ማለፉ ግማሽ ፍጻሜ ኒውካስልን ሲገጥም ሜሬዲት 50 ዓመት ሊሞላው አራት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ሲቲ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሜሬዲትም ጫማውን ሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ማንችስተር ውስጥ መጠጥ ቤት እያስተዳደረ ኖረ፤ መጠጥ የማይቀምሰው ሰው ማለት ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1958 በ83 ዓመቱ አረፈ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ የዩናይትድ ተጨዋቾች በሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ አልቀው ስለነበር ከተማው ገና በዚያ ሐዘን ላይ ነበር። ሁለት ወር ቢቆይ ደግሞ ዌልስ በስዊድን የዓለም ዋንጫ ላይ ስትጫወት ለማየት ይበቃ ነበር። የተቀበረበት ቦታ ለብዙ ዓመታት የስም ድንጋይ እንኳን አልነበረውም። ሁለቱ የማንችስተር ክለቦች፣ የዌልስ ፌዴሬሽንና የተጨዋቾቹ ማኅበር ተባብረው ድንጋይ ሊያቆሙለት የተስማሙት በ2001 ነው።

የታገለለት ነገር የተገኘው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። የደሞዙ ጣሪያ በጃንዋሪ 1961 ተነሳ። ጆርጅ ኢስትሃም ኒውካስልን ከሶ በ1963 ሲረታ ውል ያለቀበትን ተጨዋች አስሮ የማስቀረቱ ሥርዓት አግባብ እንዳልሆነ የአገሪቱ ፍርድ ቤት አረጋገጠ። በኢምፔሪያል ሆቴል የተመሠረተው ማኅበርም ስሙን ለውጦ ዘልቋል።

ዛሬስ?

የዛሬው አሠራር ከዚያ ዘመን እጅግ እንደተሻሻለ መካድ አይቻልም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ሲከሰስ ጉዳዩን የሚያየው ነጻ ኮሚሽን ነው፤ ጠበቃ አለ፤ ይግባኝ አለ፤ የውሳኔው ምክንያትም በጽሑፍ ይወጣል። ኤቨርተን በኖቬምበር 2023 አሥር ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ በፌብሩዋሪ 2024 ወደ ስድስት ወርዶለታል። በ1906 ይህን የመሰለ በር አልነበረም።

ይሁን እንጂ አዲስ ጥያቄ ተወልዷል። ያው ማንችስተር ሲቲ በፌብሩዋሪ 2023 ከመቶ በላይ የደንብ ጥሰት ክስ ቀረበበት፤ ክለቡም ክሱን አልተቀበለም። ችሎቱ የተጀመረው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ክሱ ከቀረበ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ማለት ነው። ክለቡ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። በ1905 አንድ የከሰል ሠራተኛ ልጅ በአንድ ሰው ቃል፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ተፈርዶበት እንጀራው ተወሰደ። ዛሬ አቅም ያለው ተከሳሽ የሚፈልገውን ያህል ጠበቃ አቁሞ ለዓመታት ይከራከራል። ያኔ ፍትሕ ቸኩሎ በደለ፤ ዛሬ ፍትሕ በመዘግየት እንዳይበድል ያሰጋል። አቅም የሌለው ትንሽ ክለብ ወይም በአነስተኛ ሊግ የሚጫወት ወጣት ተመሳሳይ ክስ ቢቀርብበት ያን ያህል መከራከር ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ከቢሊ ሜሬዲት ሕይወት የምንወስደው እሱ ንጹሕ ነበር የሚለውን አይደለም። ንጹሕ አልነበረም። የምንወስደው ጥፋተኛም ቢሆን ትክክለኛ ዳኝነት እንደሚገባው ነው። ጥፋተኛን በትክክል መዳኘት ያልቻለ ችሎት ንጹሑን ሰው ሊያድን አይችልምና። ተጨዋች ሲታገድ፣ ክለብ ሲቀጣ በምትሰሙበት ጊዜ የቅጣቱን መጠን ብቻ አትመልከቱ። ማን ከሰሰው፣ ማን መረመረው፣ ማን ፈረደበት፣ ይግባኙንስ ለማን ይላል ብላችሁ ጠይቁ። የአራቱም መልስ አንድ ስም ከሆነ፣ ሜሬዲት በ1905 የቆመበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል ማለት ነው።